የሠርጉ ማግስት

አንድ ፓርቲ ነበር፤ የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ። ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ። በመጀመሪያው ሽንፈት አባላቱ «ገና ጀማሪዎች ነን» ተባባሉ። በሁለተኛው «ድምፅ ማጉያችን ትንሽ ነበር» ብለው ትልቅ ገዙ። በሦስተኛው ግን የሚሉት ጠፋቸው። ሕዝቡ ደግሞ ይቀልድባቸው ጀመር። «ይህ ጃንጥላ ለምርጫ ይዘረጋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ይታጠፋል» ይላቸው ነበር።

የፓርቲው የቅስቀሳ ኃላፊ ይትባረክ ይባላል። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። መፈክሮቹን የጻፈው፣ መኪናው በየትኛው ቀን በየትኛው ገበያ እንደሚዞር ያቀደው፣ ጃንጥላ የታተመባቸውን ካናቴራዎች ያከፋፈለው እሱ ነበር። ስለዚህ ሽንፈቱ ከማንም ይልቅ እሱን አመመው። ሊቀ መንበሩ ጠሩትና በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚካሄድ፣ ጉባኤውም ፓርቲው ይቀጥል ወይስ ይፍረስ በሚለው ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ ነገሩት። የእሳቸው ልብ ወደ መፍረሱ እንዳዘነበለም አልደበቁትም። ከዚያ በፊት የሽንፈቱን ምክንያት የሚያስረዳ መግለጫ ጽፎ እንዲያቀርብ አዘዙት።

ይትባረክ ጻፈ። የመግለጫው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ሕዝቡ ዓላማችንን ሊረዳ አልቻለም» ይላል። ደጋግሞ አነበበው። ስሕተት አላገኘበትም፤ ግን አልተዋጠለትም።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤቱ ልትለምነው መጣች። ልጇ ቢያድግልኝ አናጢ ነው፤ በወንዙ ማዶ የሚኖሩትን የአቶ አንዳርጌን ልጅ እንዬን ወዷል። ለሽምግልና ሦስት ሰዎች ተመርጠው ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ግን ታመመ። «አንተ እንደሆነ አፍ አለህ» አለችው። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ለሰው ይጥቀም።»

እሑድ ጠዋት ሦስቱ ተጓዙ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ደምሰው ነበሩ፤ በዚያ አገር ስንት ጎጆ ያቆሙ፣ ስንት የተጣላ ያስታረቁ አዛውንት። ይትባረክን አይተው ሽበት የሌለው ሽማግሌ ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናገሩና ሳቁ። ሁለተኛው ሽማግሌ ዝምተኛ ስለነበር ሳቁን ብቻ አገዘ።

ከአቶ አንዳርጌ በር ሲደርሱ አንድ ቡናማ ውሻ ሰንሰለቱን እየጎተተ ጮኸባቸው፤ ጩኸቱ የጋሽ ደምሰውን ሰላምታ ዋጠው። ባለቤቱ ወጥተው ውሻውን ገሠጹና አስገቧቸው። ተቀመጡ ቢሏቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ደምሰው በዝግታ ስለ ልጁ አባት፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ትውልዱ መናገር ጀመሩ። ይትባረክ ግን ዝግታው አላስቻለውም። ቃሉን ከአዛውንቱ አፍ ተቀበለና ሠርጉን ዘረዘረ፤ ስንት ድንኳን እንደሚተከል፣ ስንት ሰንጋ እንደሚታረድ፣ ሙሽሪት በምን ዓይነት መኪና እንደምትሄድ ተናገረ። አሳምሮ ተናገረ። የአቶ አንዳርጌ ፊት አልፈታ ሲለው፣ እንዬን ሌላም ሰው እንደጠየቃት መስማቱ ትዝ አለውና ያንን ሰው ማጣጣል ጀመረ። ሰነፍ ነው አለ፤ ጠጪ ነው አለ።

አቶ አንዳርጌ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ልጃቸውን እንደማይሰጡ በአጭሩ ተናገሩ።

ይትባረክ ፊቱ ቀላ። ኮቱን አራግፎ ወጣ፤ ከበሩ ሲደርስም ሰው እንዲሰማው አድርጎ እነዚህ ሰዎች የሚጠቅማቸውን አያውቁም አለ። ውሻው እንደገና ጮኸበት። የተናገረውን ነገር ከዚህ በፊት የት እንደሚያውቀው ወዲያው አልታወሰውም። ዞር ሲል ግን ጋሽ ደምሰው አልተከተሉትም። ከቤቱ ደፍ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የከለከሏቸውን ሰው ያመሰግኑ ነበር።

«ስላስገቡን እግዜር ይስጥልን» አሉ አዛውንቱ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎና ልሂድ። ምን ጎደለን? ልከራከርዎ አይደለም፤ እንዳውቀው ነው።»

አቶ አንዳርጌ ይህን ጥያቄ አልጠበቁትም።

«ስለ ሠርጉ ነገራችሁኝ» አሉ። «ስለ ማግስቱ አልነገራችሁኝም። ሠርግ የአንድ ቀን ነው። ልጄ ስትታመም ማን ይነሣላታል? እናቱ አብራው ትኖራለች አሉ፤ ከልጄ ጋር በአንድ ቤት እንዴት ሊሆኑ ነው? ባለፈው በረዶው እህሌን ሲጥለው ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ ያን ልጅ ግን አላየሁትም። የማላውቀውን ሰው የማውቀው ድንኳኑን በመቁጠር ነው?»

ጋሽ ደምሰው አንድም ነገር አልመለሱም። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ደህና ይዋሉ ብለው ወጡ።

መንገድ ላይ ይትባረክ ተነጫነጨ። ልጁ አናጢ መሆኑን፣ ለእናቱ የሚታዘዝ መሆኑን፣ ለሁሉም መልስ መኖሩን ተናገረ፤ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?

አዛውንቱ ወንዙን በባዶ እግራቸው ተሻገሩ። ከተሻገሩ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያጠለቁ «አንተ ልጅ» አሉት፣ «የመጣነው ለሙግት ነው ወይስ ለዝምድና?»

«ለዝምድና ነው እንጂ።»

«እንግዲያው መርታት ምን ያደርግልሃል? ሰውየውን ብትረታው ተሸናፊ ታገኛለህ እንጂ አማት አታገኝም።» ከዚያ ተነሡና ከኮታቸው ላይ አቧራውን አራገፉ። «ደግሞ ገና አልከለከለንም። የጎደለንን የነገረን ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። እኔ የምፈራው ምንም ሳይል የሚሸኘኝን ነው።»

ይትባረክ ቤቱ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መግለጫ አነሣ። «ሕዝቡ ዓላማችንን ሊረዳ አልቻለም።» ከአቶ አንዳርጌ በር ላይ የተናገረው ቃል ይህ ነበር፤ እዚያ በስድብ፣ እዚህ በጨዋ ቋንቋ።

በሳምንቱ የአቶ አንዳርጌ እህት አረፉ። ጋሽ ደምሰው ሁለቱን ሽማግሌዎችና ቢያድግልኝን ይዘው ልቅሶ ደረሱ። ስለ ጋብቻ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢያድግልኝ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር አይቶም ማንም ሳያዘው ጠገነው። ውሻው ጥቂት ጮኸና ተኛ። ከዚያም ሐዘኑ ገና ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በሃያኛው ቀን፣ አቶ አንዳርጌ ራሳቸው ላኩባቸው። ሦስቱ ከበሩ ሲደርሱ ውሻው ተነሣ፤ የጋሽ ደምሰውን ከዘራ አሸተተና ተመልሶ ጥላው ውስጥ ተጋደመ።

ጋሽ ደምሰው የይትባረክን ክንድ ነካ አደረጉ። «ውሻው ካልጮኸብን ግማሹ አልቋል» አሉት በሹክሹክታ።

ዛሬ ስለ ማግስቱ ተነጋገሩ። ስለ እናትየው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እንዬ ትምህርት ተነሣ፤ ያልታወቀው ነገር ሲጠየቅ ጋሽ ደምሰው «ይህን አናውቅም፤ ጠይቀን እንመጣለን» አሉ። በመጨረሻ አቶ አንዳርጌ ልጃቸውን ጠሩና ፈቃዷን ጠየቋት። እንዬ ወደ መሬት እያየች፣ ወንበር የሚጠግን ሰው ቤትም አያፈርስም አለች። ሁሉም ሳቀ።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። አባላቱ እየተነሡ ምክንያት አቀረቡ። አንዱ ተቀናቃኛችን ዋሸ አለ። ሌላው የግድግዳ ወረቀታችን ቀለም ደብዛዛ ነበር አለ። ሊቀ መንበሩ መግለጫው ይነበብ አሉ። ይትባረክ ቆመ። እጁ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ያ መግለጫ አልነበረም።

ሦስቱንም ቅስቀሳዎች ያቀደው እሱ በመሆኑ ጥፋቱ በመጀመሪያ የእሱ እንደሆነ ተናገረ። ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ ሕዝቡን ወቅሰው እንደወጡ፣ አንድ ቀን እንኳ ተመልሰው የጎደላቸውን እንዳልጠየቁ አስታወሰ። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከሁሉም በባሰ ወደተሸነፉበት ቀበሌ ይሂዱ፤ ያለ መኪና፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ያለ ካናቴራ። አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ መልስ ግን አይስጡ። ከዚያ በኋላ ማፍረስ ከፈለጉ ያፍርሱት።

«ምርጫው እኮ አልቋል» አሉ ሊቀ መንበሩ። «የሚቀጥለው አምስት ዓመት ይቀረዋል። አሁን ሄደን ማን ይሰማናል?»

«የምንሄደው እነሱን ልንሰማ ነው፣ ክቡር ሊቀ መንበር።»

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ቀጥሎም የመፍረሱ ድምፅ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ጠየቁና እኔም እሄዳለሁ አሉ።

በዚያ ቀበሌ ጃንጥላው ያገኘው አሥራ አንድ ድምፅ ነበር። ሲገቡ የመንደሩ ውሾች ሁሉ ተቀባብለው ጮኹባቸው። ሸክላ የምትሠራ አንዲት ሴት፣ ወይዘሮ አስካለች፣ ከደጃፏ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምርጫ ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም» አለ ይትባረክ።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?»

«እምቢ ያላችሁን ለምን እንደሆነ ልንጠይቅ ነው።»

ወይዘሮ አስካለች ጭቃ በነካው ክንዷ አፏን ከልላ ሳቀች። ከዚያ ጎረቤቶቿን ጠራች፤ ይህን ነገር ብቻዋን ብታወራው የሚያምናት እንደሌለ ነገረቻቸው። ሰው ተሰበሰበ። መጀመሪያ ስድቡ ወረደ፤ ቀጥሎ ቁም ነገሩ መጣ። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ እንሠራላችኋለን አላችሁን» አለች። «ሴቶች ልጆቻችን ግን ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ይቀራሉ። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር የለውም፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዴት ትዋል? ወንዶቹ ይማራሉ፤ ሴቶቹ ቤት ይገባሉ። ይህን ማን ጠየቀን?»

ሊቀ መንበሩ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። ይትባረክ ከልክሏቸው ሳይሆን፣ እሳቸው ራሳቸው አሰቡትና አፋቸውን ዘጉ። ወረቀት አውጥተው ጻፉ።

በሁለተኛው ወር ተመለሱ። ሥልጣን የላቸውም፤ በጀት የሚመድበው ሌላ ነው። ስለዚህ አቤቱታውን ከነዋሪዎቹ ጋር ጽፈው ለወረዳው አቀረቡ፤ መልሱ እስኪመጣም ነዋሪው እንጨት አዋጣ፣ ቢያድግልኝ ደግሞ መዶሻውን ይዞ መጣ። አራት በሮች ቆሙ። ከአባላቱ አንዱ ቀለምና ብሩሽ አውጥቶ በሮቹ ላይ ጃንጥላ ሊሥል ሲል፣ ሊቀ መንበሩ ብሩሹን ከእጁ ወሰዱት።

«ለቅሶ የደረሰ ሰው በድንኳኑ ላይ ስሙን አይጽፍም» አሉት።

እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት አለፈ። በየመንደሩ የጎደለው ተጠየቀ፤ አንዳንዱ ተሠራ፣ ብዙው ተጻፈ፣ አንዳንዱም አልሆነም፤ ያልሆነውንም አልሆነም ብለው ተናገሩ። አራተኛው ምርጫ መጣ። የጃንጥላው ፓርቲ አገሩን አላሸነፈም። ያ ቀበሌ ያለበትን ወረዳ ግን አሸነፈ፤ በቀበሌው አሥራ አንዱ ድምፅ ስምንት መቶ ሆነ። በሌሎቹ ወረዳዎች ተሸነፈ።

ውጤቱ በታወቀ በማግስቱ ጋዜጠኞች መግለጫ ፍለጋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። በሩ ተቆልፎ አገኙት። ሊቀ መንበሩና ይትባረክ ግማሹን አባል ይዘው ከሁሉ በባሰ ወደተሸነፉበት ሌላ ወረዳ ሄደዋል፤ በዚያም ውሾቹ እየጮኹባቸው ነበር። የቀሩት አባላት ወይዘሮ አስካለች ወዳለችበት መንደር ሄዱ፤ ስላመናችሁን እናመሰግናለን፣ አሁንስ ምን ጎደለ ሊሉ። ሲገቡ አንድም ውሻ ከተኛበት አልተነሣም።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰው እምቢ ሲለን ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው አልገባውም ብለን በሩን ወርውረን መውጣት ነው፤ ይህ ለጊዜው ክብራችንን ይጠብቅልናል፣ የምንፈልገውን ግን አያመጣልንም። ሁለተኛው ከደፉ ላይ ቆመን ምን ጎደለን ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳይከራከሩ ይዞ መሄድ ነው። የሰው ልብ በድንኳን ብዛት አይከፈትም። የሚከፈተው በማግስቱም ለሚገኝ ነው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ በቅርቡ እምቢ ያላችሁ ማን ነው? ስትወጡ ምን ብላችሁት ወጣችሁ?