ዶሮዋ ያየችው ነብር

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

ከጫካ ዳር ባለች አንዲት ጎጆ፣ ዶሮ ከአጥሩ ሥር ያደፈጠ ነብር አየችና ወደ ውሻው ሮጠች።

«አያ ውሻ፣ ነብር ደጃችን ደርሷል!»

ውሻው ከተኛበት ቀና እንኳ አላለም። «ጥሬ ለቃሚ ስለ ነብር ምን ታውቃለች? እኔ እያለሁ እዚህ ምን አባቱ ሊሠራ ይመጣል?»

ውሻውን ማስደሰት የምትወደው እመት ፍየል ሳቀች። «ቆይ፣ አይቼ ልምጣና እናሳፍራት» ብላ ወደ አጥሩ ሄደች። አንዴ ብቻ ጮኸች።

ዶሮዋ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ውሻው አልጋ ሥር ገባ። ነብሩ ፍየሏን ይዞ ጫካ ከገባ በኋላ ግን ውሻው ብቅ ብሎ ባዶው አጥር ላይ ይጮህ ጀመር።

ጌታው ከእርሻ ሲመለስ ደሙን አየና የውሻውን ራስ ዳበሰ። «አንተ ባትኖር ዶሮዬንም ይበላብኝ ነበር!»

ውሻው ጅራቱን እየቆላ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

«ሰማሽ?» አላት።