አንጓችና የጽጌዋ ዱባ

ነገር ከዘር ይነሣል፤ የዚህም ነገር ዘሩ የዱባ ፍሬ ነው። አንጓች የተባለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ በግንቦት ማለቂያ ከጓሮ አንዲት ፍሬ ቀበረች፤ አፈሩንም እየመለሰች አንድ ቃል ሹክ አለችው። ክረምቱ ዘነመ፣ ሐረጉ አጥሩን ወጣ፤ ልጅቱ ግን ቃሏን ረሳች። በወርኃ ጽጌ፣ የእመቤታችን ማኅበር ተራው ለቤታቸው በደረሰበት እሑድ፣ የመጀመሪያዋን ዱባ ታቅፋ ከእናቷ ከይታይሽ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ የማኅበሩን ወጥ ዛሬ እኔ በእጄ እሠራዋለሁ።»

እናቷ ሳቀች። «ዱባዋ አንቺን ታክላለች እኮ! በይ እሺ፤ ግን ቅዳሴ ከመውጣቱ በፊት ካልጣድሽ ሽሮዬን እሠራለሁ። አንቺም ለከርሞ ያድርሰን ትያለሽ።»

አንጓች ቢላዋውን አነሣች። ቢላዋው ግን፣ «ዶልዱሜያለሁ፤ ድንጋይ ካልሳለኝ አልቆርጥም» አላት።

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደች። «ድንጋይ ሆይ፣ ቢላዋውን ሳልልኝ፤ ቢላዋው ዱባዋን አልቆርጥም አለ።»

ድንጋዩም፣ «ደርቄያለሁ፤ ውሃ ካላረጠበኝ አልስልም» አላት።

ወደ እንስራው ሄደች። «ውሃ ሆይ፣ ድንጋዩን አርጥብልኝ፤ ድንጋዩ ቢላዋውን አልስልም አለ፣ ቢላዋው ዱባዋን አልቆርጥም አለ።»

ውሃውም ከእንስራው ሆድ ውስጥ፣ «በቅል ካልቀዱኝ አልወጣም» አላት። ቅሉን ደግሞ ጎረቤታቸው እማሆይ ብርጣዊት ለጠበል ተውሰውታል።

ወደ እማሆይ ሮጠች። «እማሆይ፣ ቅሉን ይመልሱልኝ፤ ውሃው ድንጋዩን አላረጥብም አለ፣ ድንጋዩ ቢላዋውን አልስልም አለ፣ ቢላዋው ዱባዋን አልቆርጥም አለ።»

«የኔ እመቤት፣ ጽጌው ሊያልፍ ነው፤ የእመቤታችን ሥዕል ግን አበባ አላየችም። አበባ ሳታመጪ ቅሉን አልሰጥሽም።»

«እማሆይ፣ ቅዳሴው እኮ ሊወጣ ነው!»

«እንግዲያ ሩጫ ነዋ!»

ከአጥሩ ላይ፣ በዚያው በዱባዋ ሐረግ፣ አንዲት ቢጫ አበባ ቀርታ ነበር። «አበባ ሆይ፣ ተቀጠፊልኝ፤ እማሆይ ቅሉን አልሰጥም አሉ፣ ውሃው ድንጋዩን አላረጥብም አለ፣ ድንጋዩ ቢላዋውን አልስልም አለ፣ ቢላዋው ዱባዋን አልቆርጥም አለ።»

አበባዋም፣ «እንግዳ አለብኝ፤ ንቧ ካልተነሣች አልቀጠፍም» አለቻት።

አንጓች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። «ንቢት ሆይ፣ ተነሺልኝ! አበባዋ አልቀጠፍም አለች፣ እማሆይ ቅሉን አልሰጥም አሉ፣ ውሃው ድንጋዩን አላረጥብም አለ፣ ድንጋዩ ቢላዋውን አልስልም አለ፣ ቢላዋው ዱባዋን አልቆርጥም አለ፤ እኔ ግን በእጄ እሠራዋለሁ ብያለሁ፣ እሠራዋለሁ!»

ንቧም፣ «ከወጡ የመጀመሪያው ጭልፋ ለማን ነው?» አለቻት።

«ለማኅበሩ ነዋ!»

«በግንቦት ለማን ብለሽ ነበር? አፈሩ ሰምቷል፤ ሐረጉም ነግሮኛል። እስክታስታውሺው አልነሣም።»

አንጓች አንገቷን ደፋች። የዚያን ቀን ጣቷ ላይ የነበረው እርጥብ አፈር ትዝ አላት፤ ቃሉም አብሮ መጣ። «ብታፈሪልኝ፣ የመጀመሪያው ጭልፋ በደጀ ሰላም ለሚቀመጡት ነዳያን ይሁን ብዬ ተስዬ ነበር።»

«ታዲያሳ?»

«ታዲያማ የእነሱ ነው! ማኅበሩ ሁለተኛ ይብላ!»

ንቧ ተነሣች። ንቧ ስትነሣ አበባዋ ተቀጠፈች፣ አበባዋ ስትቀጠፍ እማሆይ ቅሉን ሰጡ፣ በቅሉ የተቀዳው ውሃ ድንጋዩን አረጠበ፣ ድንጋዩ ቢላዋውን ሳለ፣ ቢላዋው ዱባዋን ቆረጠ። እናቷ ፈለጠችላት፤ እሷ ከተፈች፣ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ጣደች፣ አማሰለች። የእናቷ እጅ ወደ ድስቱ ሲዘረጋም፣ «እኔ ነኝ!» አለች።

ቅዳሴው ሲወጣ አንጓች ትኩሱን በጣባ ይዛ ከደጀ ሰላሙ ቆማ ነበር። ከነዳያኑ አንዱ፣ ዓይነ ስውሩ አባ ላቀው፣ ቀመሱና ጠየቁ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ጨው ይጎድለዋል» አሉ፤ ጣባውን ግን አልመለሱም። «እጅ ግን አልጎደለውም። ሮጠሽ ጨምሪበት፤ እንግዶችሽ መጡ።»

ሮጠች። እናቷ የጨውን ዕቃ ይዛ ከበራፉ ትጠብቃት ነበር።

«እማዬ፣ ዐውቀሽ ነበር እንዴ? ለምን አልጨመርሽበትም?»

«ወጡ ያንቺ አይደለም?» አለችና ዕቃውን ሰጠቻት።