ሁለት ወፎች ያሉበት ቀለበት

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ከዛሬው ሰፊ፣ ሰውም ከዛሬው ጥቂት በነበረበት ወቅት፣ በውሃ መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ሰዎቿ ቂመኞች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጉም ስለሚለብሳት ከማዶ የሚያያት ሰው «ዛሬስ የለችም» ይላል፤ ረፋዱ ላይ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ዛፎቿ፣ ቀጥሎ ጣራዎቿ፣ ብቅ ብቅ ትላለች።

በዚያች ደሴት ውባለም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። አንድ ማለዳ ደንገል ልታጭድ ወረደችና ሰው የሌለባት ታንኳ ደንገሉ መሀል ተሸጉጣ አገኘች። ታንኳዋ ውስጥ ሕፃን ልጅ ተኝታለች። አታለቅስም፤ ሰማዩን ታያለች። አንገቷ ላይ በማተብ ክር የታሰረ የወርቅ ቀለበት አለ። ውባለም ግራ ቀኝ ብታይ ማንም የለም። «ማን አህሎሽ የኔ እመቤት!» አለችና አቅፋት ወደ ቤቷ ገባች። ስሟም ማናህሎሽ ሆኖ ቀረ።

ዓመት ዓመትን ወለደና ማናህሎሽ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ቢሻው የሚባል የማዶ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ኧረ ምን መውደድ ብቻ! የእሱን ታንኳ ከሩቅ ያየች እንደሆነ ልትቀዳ የወረደችውን ውሃ ረስታ በባዶ እንስራ ትመለስ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። የቢሻው አባት ግን አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አለ፦ «ሰባት ቤት ትቁጠር።» የአገሩ ሕግ ነው። ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያቱን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ በመካከሉ አንድ ስም ከገጠመ ዘመድ ናቸውና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ማናህሎሽ ምን ብላ ትቁጠር? ከታንኳዋ ወዲያ ያለውን አታውቅ! ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እሷ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለችና እንዲህ አለች፦

«ይህ ቀለበት ወገኔ ድረስ እንዲያደርሰኝ የሚያደርግ ሰው አባቴ ነው። በሠርጌ ቀን በአባት ወንበር አስቀምጬ ጉልበቱን እስማለሁ።»

ጉልበት መሳም እንደ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ጉልበቱ የተሳመ አባት መርቆ ይድራል፤ «አልድርም» ካለም የሚሽረው የለም። የዚያን ቀን ቃል የእሱ ነው።

መጀመሪያ ቀለበቱን ያየው አንጥረኛው ደምለው ነው። በአመድ አሸት አሸት አደረገና ውስጡን አየ። ከውስጥ በኩል የጤፍ ቅንጣት የምታክል ምልክት አለች፤ የገዛ አባቱ ምልክት ናት። አባቱ እንዲህ ያለ ቀለበት ሁለት ብቻ ሠርቶ፣ የየት አገር ሰዎች እንዳሠሩት ላይናገር ምሎ፣ ልጁንም አስምሎ ነበር የሞተው። መሐላውን ያፈረሰ አንጥረኛ ደግሞ ዳግመኛ ወርቅ አይነካም፤ ወጋቸው ነው። ደምለው ልጅቱን አየ። መዶሻውን አየ። መልሶ ልጅቱን አየ። «ከሐይቁ በምሥራቅ፣ ከገደሉ በላይ፣ አፈሩ ቀይ የሆነ ደጋ አለ። ያሠሩት የዚያ ሰዎች ናቸው» አላት። መዶሻውን ውሃ ውስጥ ወረወረና ከዚያ ወዲህ ደንገል እያጨደ ኖረ።

ደጋው ግን ሰፊ ነው። የማን ቤት ተብሎ ይጠየቅ? ቀለበቱ ላይ ፀጉር የሚያክል ቅርጽ ተቀርጾበታልና መሪጌታ ጥበቡ ያንብቡት ተባለ። መሪጌታ ጥላ ውስጥ ቢይዙት ቅርጹ አይታይም፤ ፀሐይ ላይ ቢይዙት ወርቁ ዓይን ይወጋል። ፀሐይ ላይ ያዙት። አርባ ቀን ሙሉ አጥር ሥር ተቀምጠው ሲያዞሩት ሚስታቸው «ኧረ ዓይንዎን! ኧረ በማርያም!» እያለች ትለምናቸው ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። የቀረውን በግራው ጨረሱት።

«ልጄ» አሏት፣ «ቀለበቱ ላይ ያሉት ሁለቱ ወፎች ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች ናቸው። ከአንድ ጽዋ ሲጠጡ ተቀርጸዋል፤ ታርቀዋል ማለት ነው። ከእግራቸው ሥር የተሰበረ ጦር አለ፤ ደሙ ደርቋል። ዙሪያውን ያለው ሐረግ አንዱ ቤት ለሌላው ልጁን ድሮ ዘር መቀላቀሉ ነው። አንቺ የእርቅ ልጅ ነሽ። በጋብቻ የታረቁ ደመኞችን አስፈልጊ።»

ማናህሎሽ ያን ዕለት ቀለበቱን ሐይቁ ውስጥ ብትነክረው ወፎቹ ጎንበስ ብለው ሲጠጡ አየች። እኔ አላየሁም፤ እሷ ግን አይቻለሁ ብላለች፣ ማን ይከራከራታል?

ሦስተኛው ነጋዴው አበጋዝ ነው። ቀለበቱን ሰም ላይ አትሞ፣ ሰሙን በቅጠል ጠቅልሎ፣ በቅሎውን ጭኖ ወጣ። ሦስት ወር በቀዩ አፈር ላይ ደጃፍ ለደጃፍ ዞረ። በመጨረሻ ከአልጋ የማትነሣ አንዲት አሮጊት ዘንድ ደረሰ። አሮጊቷ ከትራሷ ሥር ሁለተኛውን ቀለበት አውጥታ ሰሙ ላይ ብታሳርፈው ልክክ አለ። አለቀሰች። «እርቁ ፈርሶ ቤታችን ሲቃጠል እናቷ ይዛት ወደ ሐይቁ ሸሸች። እኛ ሁለቱንም ውሃ በላቸው ብለን እርማችንን አውጥተናል» አለችው። ከዚያም የልጅ ልጇን ትውልድ ቆጠረችለት። አምስተኛው ላይ ስትደርስ «አምዴ» አለች። አበጋዝ ስሙን ያውቀዋል። የቢሻው አባት ሰባት ቤት ሲቆጥር አምስተኛው አምዴ ነው፤ ያው ራሱ ሰውዬ።

አበጋዝ ሲመለስ ማናህሎሽ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ትጠብቀው ነበር።

«አገኘህ፣ አያ አበጋዝ?»

ፊቷን አየና «አገኘሁ» አለ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አበጋዝ ቆጠረ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ከየትም የሌለ ስም አመጣና «ደረሶ» አለ። የቢሻው አባት «ማል» አለው። አበጋዝ አምስት ልጆች አሉት። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ፣ «ሐሰት ከሆነ እስከ ሰባት ቤቴ ይድረስ» ብሎ ማለ። ቀን ተቆረጠ።

የሠርጉ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ የሙሽራው ታንኳዎች ዘፈን ከነጭ ጭጋግ ውስጥ ይሰማ ጀመር። ዳሱ ውስጥ ውባለም በእናት ወንበር ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው ባዶ ነው። ማናህሎሽ ሦስቱን ሰዎች ከዳሱ ጀርባ ጠርታ «አያ አበጋዝ፣ ስሞቹን ያመጣህልኝ አንተ ነህ። ና ተቀመጥ» አለችው።

አበጋዝ አልተነቃነቀም። «ለሁሉም ዋሽቻለሁ። ለልጄ ዋሽቼ ግን አባት አልሆንም» አለና የአምዴን ነገር አንድም ሳያስቀር ነገራት። «ከተቀመጥኩ ዝም ብዬ መርቄ እድርሻለሁ። ኩነኔው የኔ ነው።»

ደምለው ቱግ አለ። «እኔ እውነት ለመናገር መሐላ አፈረስኩ፣ አንተ ውሸት ለመናገር ትምላለህ? ልጄ፣ እኔ ከተቀመጥኩ ተነሥቼ ለቢሻውና ለአባቱ እናገራለሁ። ቢሻው ሳያውቅ የሚገባበት ቤት የእሱም ቤት ነውና ይወቀው።»

መሪጌታ በቀረው ዓይናቸው ቀለበቱን አዩ። «ይህ ቀለበት ዘር ቀላቅሎ ደም አድርቋል። ሕጉ እንዲህ ያለውን ይፈታል ወይስ ያስራል? አላውቅም፤ አላውቅም ለማለትም አላፍርም። እኔ ከተቀመጥኩ ሠርጉ ይቆይ፣ ሊቃውንት ይጠየቁ።» የቢሻው አባት ግን አንዴ ከተመለሰ ዳግመኛ የሚመጣ ሰው እንዳልሆነ አራቱም ያውቃሉ።

«እሱን ካጣሁ እሞታለሁ» አለች ማናህሎሽ። «ወገን ያገኘሁት ወገን ሊያሳጣኝ ነው እንዴ?» ያን ጊዜ ጉሙ ተገፈፈ። ቢሻው ከፊተኛው ታንኳ ዘሎ ወረደና ዳሱ ውስጥ እልልታው ቀለጠ።

እኔን አትጠይቁኝ። እኔና ባለቤቴ በዚህ ነገር ሦስት ቀን ተኳርፈናል። ሙሽራዪቱ ወንበሩ ፊት ቆማለች፣ ሰው ሁሉ አባቷን ይጠብቃል። መዶሻውን የጣለው፣ ዓይኑን ያጣው፣ ወይስ ልጆቹን ለእርግማን የሰጠው፤ በሉ እናንተው ተናገሩ፣ ማናህሎሽ የማንን ጉልበት ትሳም?