በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ

አንድ ሰው ነበር። ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። ጀርመን አገር፣ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ብርዱን ቤቱን ዘግቶ ያሳልፋል። ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ ሻንጣውን ይዞ ባቡር ላይ ይወጣል። አንዱን ጸደይ ጣሊያን፣ አንዱን ጸደይ ፖርቱጋል። ስልኩንስ? አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል።

ለምን? ሰው እንዳይደውልለት ነዋ! ስዊድን የምትኖር ስንዱ የምትባል ታናሽ እህት አለችው። በየፋሲካው ትደውላለች፤ እሱ አያነሣም። ተጣልተው ይሆን? የለም። «በኋላ እደውልላታለሁ» እያለ ነው። ይህቺን «በኋላ» የምታውቋት እጃችሁን አውጡ ብል ስንቱ እጅ ይወጣ ይሆን? ተዉት፣ አታውጡ።

በከተማው ሐበሾች አሉ። መንገድ ላይ ሲያያቸው ወደ ማዶ ይሻገራል። «ወሬያቸው አያልቅም» ይላል።

በዚያ ዓመት ከጉዞው የተመለሰው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። የሰፈሩ ዛፎች ነጭ አበባ አብበዋል፤ ነፋሱ እያራገፈው አስፋልቱ ነጭ ለብሷል። በዚያ ላይ ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሐበሾች ይሄዳሉ። አንድም የሚያወራ የለም። እነዚያ ወሬያቸው አያልቅም የተባሉት!

ተከታትለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገቡ። ሰውዬው ሐበሻን ቢሸሽም፣ ለቅሶ አይቶ ማለፍን ግን እናቱ አላስተማረችውም። ሻንጣውን ውጭ አቁሞ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚገባውንም ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠ።

ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ሻማ በርቷል። ከሻማው ኋላ የአንድ ጎረምሳ ፎቶ አለ፤ ጎፈሬውን ያበጠረ፣ የተማሪ ሹራብ የለበሰ። «ምስኪን፣ በልጅነቱ ተቀጨ» አለ በልቡ፤ እንባም መጣው። ደግሞ አየው። ይህን ልጅ የት ነው የማውቀው?

አጠገቡ ወዳለው ሰው ጠጋ ብሎ፣ «ሟቹን ያውቁት ነበር?» አለ።

«ጋሽ በልሁን? ከሩቅ ነው። ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቅም። ባቡር ጣቢያ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ወድቆ ሞተ ተባለ። የሳቸው ቤት ቢንኳኳ የሚከፍት የለ፣ ስልካቸው ዝግ። እሳቸው ናቸው ተባለ። እህታቸውን የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ መርዶ ነገራቸው፤ ፎቶውን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው።»

«አስከሬኑን ያየ ሰው አለ?»

«ማን መልካቸውን ያውቃል ብለው ነው? እህታቸውም የደረሱት ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ ነው።»

ወገኖቼ፣ በልሁ የዚህ ሰውዬ ስም ነው! ጎረምሳው ከሻማው ኋላ ትክ ብሎ ያየዋል። «ሞቼ ይሆን እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው፤ የሚያየው የለ፣ በስሙ የሚጠራው የለ። ትናንት ባቡር ላይስ ማን ጠርቶት ነበር?

እንደምንም ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ። ስንዱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል። ጫማውን አየችና ቀና ሳትል፣ «አባቴ፣ ወንድሜን ያውቁት ነበር? እስቲ እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ይንገሩኝ። የሚነግረኝ አጣሁ» አለችው።

ምን ይበላት? «ስንዱዬ» አለ።

ቀና አለች። ያን ጩኸት አልነግራችሁም። ሰው ወንበሩን እየገለበጠ ወደ በሩ ሸሸ። እሷ ግን አልሸሸችም። ሁለት እጇን ዘርግታ ጉንጩን፣ ግንባሩን ዳሰሰች። «ጋሼ፣ ፊትህ ይሞቃል» አለች። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚያማ ልቅሶው እልልታ ሆነ። አንዱ ሻማውን ሊያጠፋ ጎንበስ ሲል በልሁ፣ «ተው! አታጥፋው!» አለ። «ጣቢያው ላይ የሞተው ታዲያ ማን ነው?»

የሚያውቅ የለም።

በልሁ የልጅነት ፎቶውን አንሥቶ ለእህቱ ሰጣት። ሻማው ከኋላው ማንም ሳይኖር መንደዱን ቀጠለ። በልሁም ተመልሶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ስንዱም ከጎኑ፤ ሌሎቹም ወንበሩን እያቀኑ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ስሙን ለማያውቁት ሰው አለቀሱ።

እናንተስ? ስልካችሁ የት ነው ያለው? «በኋላ» ያላችኋት እህት ዛሬ ማንን እየጠየቀች ነው? ደረጃ ላይ የምታልፉት ሽማግሌ፣ ስሙ ማን ይባላል? ሲሞት እናለቅሳለን ትላላችሁ፤ ለየትኛው ፊት?

ወደዚህ ቤት ስንገባ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ነው የገባነው። እስቲ አሁን ቀና በሉ። ወደ ኋላችሁም ዘወር በሉ።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ማን ነው?