ጅብ ዋስ የሆነለት ውሻ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ጠንክሮ ጉሙ እስከ ቀትር አልነሳ ባለበት ወር፣ የእትዬ አህይት ውሻ አርጅቶ ሞተ። ሞቱስ ባልከፋ፤ ዕድሜውን ጠግቧል። የከፋው፣ አህይት ገና የሦስት ሳምንት ውርንጭላ ነበረቻት። ጅብ ደግሞ የውሻን ሞት ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል፤ ለቅሶ ሳይደርስ ደጅ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን አህይት ከአጥሯ ሥር የጅብ ዱካ አየች።

«እኔስ ተራግጬም ቢሆን አመልጥ ይሆናል፤ ይቺ ለጋ ልጄስ?» አለች። በዚያው ቀን ጠባቂ ውሻ እንደምትፈልግ ለአገር ለምድሩ አስወራች።

ወሬው ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። ቀበሮ ደላላ ነው፤ የሌለውን ነገር እንኳ አሳምሮ ያገበያያል። በማግስቱ አንድ ውሻ አስከትሎ ከተፍ አለ። ወይ ውሻ! ጸጉሩ ዳለቻ እንዳይባል ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ ጥቁር እንዳይባል ያበራል። ዝናብ ያዘለ ደመና ነው የሚመስለው።

«ስሙ ልዑል ይባላል» አለ ቀበሮ፣ የውሻውን ጀርባ እየደባበሰ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ቀለም አገር ቢዞሩ አያገኙም። ዘሩም ያልተበረዘ ነው። አባቱ መብረቅ፣ አያቱ ነጎድጓድ...» እያለ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላት።

«ወንዝ ማዶ ቡላ የሚባል ውሻ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ይላሉ» አለች አህይት።

«ቡላ? ያ የአቧራ ቀለም? ያ አባቱን የማያውቅ? ኧረ በሕግ! ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል፣ እትዬ።»

እውነቱን እንነጋገር፣ የአህይት ልብ ሸፍቷል። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ኖረች እንጂ ሰው የሚቀናበት ነገር ደጇ ቆሞ አያውቅም። በጎችና ፍየሎች አጥሩን ታከው «አቤት ማማር!» ሲሉ ስትሰማ ኩራት ኩራት አላት። «ወስጄዋለሁ» ልትል ስትል የአገሩ ወግ ትዝ አላት። በዚያ አገር ጠባቂ ያለ ዋስ አይቀጠርም።

«ዋስ ይጥራና ይግባ» አለች። «ሥራውን በዓይኑ ያየ፣ ለጠባዩ የሚምል ዋስ።»

ቀበሮ ራሱን አከከ። ይህን ውሻ ሥራ ላይ ያየው ማን ነው? ቢያስብ ቢያስብ አንድ ብቻ መጣለት። ገበያው እንዳያመልጠው ቸኩሎ ነበርና ሮጦ ጠራው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዋሱ መጣ፤ አያ ጅቦ! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው ግን በደንብ በሚያውቁት ደጅ ቆሞ «መቀመጫ የለም እንዴ?» ይላል። በጎቹ ብትንትናቸው ወጣ። አህይት ከእሾህ አጥሯ ጀርባ ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር ሸሽጋ ቆመች። ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ግን ዋስ የሚጠራው ሊናገር ነውና፣ ይናገር ብላ ጥርሷን ነከሰች።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ውሻ ታውቀዋለህ?»

«እኔ ያላወቅሁት ማን ሊያውቀው! እንዲህ ያለ ጨዋ ውሻ አልተወለደም። አራት ግቢ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።»

«አጠባበቁስ እንዴት ነው?»

«ጸጥ ያለ! ስገባም ስወጣም አንድ ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። ጭቃ እንዳይነካው ከደረቁ ቦታ አይነሳም። አንዴማ መንገድ ለቆልኛል!»

ቀበሮን ሳል ያዘው። ጅቦ ግን ወሬው ጣፍጦታል።

«የአራቱ ግቢ አህዮችስ ደህና ናቸው?» አለች አህይት።

«ኧረ በጣም! አንዷማ ጮማ ብቻ ነበረች» አለና ምራቁን ዋጠ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አህይት ወደ ውሻው ዞረችና «አንተስ ልጄ? እስቲ አንዴ ጩህበት» አለችው።

ልዑል ቀበሮን አየ፤ ጅቦን አየ፤ አንገቱን ደፋ። «ጩህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም» አለ በቀስታ። «ሁሉም ዙርልን፣ እንይህ ነው የሚሉኝ።»

አንጀቷን በላት። ይሁን እንጂ ልጇ ከሆዷ ሥር እየተንቀጠቀጠች ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ምክርህን አትንፈገኝ። ከውሾች ሁሉ የማይረባው የትኛው ነው?»

«ቡላ ነዋ!» አለ ጅቦ ተቆጥቶ። «ያ ስድ! ዝናብ አይል፣ ጉም አይል፣ ኮሽ ካለ አገር ይያዝልኝ ነው። አምና ካሳደደኝ ወዲህ ይኸው አነክሳለሁ። እሱን ደጅሽ እንዳታደርሺ፣ አደራ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ምስክርነትህ በቅቶኛል።»

«እትዬ፣ ቀለሙን ግን ይመልከቱት እንጂ!» አለ ቀበሮ ጭንቅ ይዞት።

«አየሁት፤ ያምራል። በጉም ውስጥ ግን ቀለም አይታይም፤ ልጄን የሚያተርፋት ድምፅ ነው» ብላ ሁሉንም አሰናበተች። ቀበሮም ልዑልን ወደ ሌላ ደጅ ወሰደው። ፈላጊ አላጣም።

አህይት ጉሙ እንደተነሳ ውርንጭላዋን አስቀድማ ወንዙን ተሻገረች። ቡላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተኝቷል። የመጣችበትን ሲሰማ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ እንዳልዋሽዎት፤ ዘሬን ቢጠይቁኝ አላውቀውም። ጸጉሬም ይኸው እንደሚያዩት ነው። ዋስ ጥራ እንዳይሉኝ፣ ስለ እኔ ደግ የሚናገር ማንም የለኝም።»

«የአንተ ዋስ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር።»

«የእኔ?» ቡላ ግራ ገባው። «ማን ነው እሱ?»

«አያ ጅቦ ነዋ! አንተን ሲሰድብ አፉን አረፋ ደፈቀው። በል ተነስ፣ ልጄን ቤቷ አድርሳት።»

ከዚህ የምንማረው ጠባቂ ስንመርጥ ደላላ የሚያወድሰውን ዘርና ቀለም ትተን ሌባ የሚጠላውን ማጣራት እንዳለብን ነው።