የተቆጣ፣ የታፈነና ቂም የያዘ ፊት

አንዲት ላቀች የምትባል የሽቶና የቅባት ነጋዴ ነበረች። ፊቷን እንደ ሱቅ መስኮት ትወለውለው ነበር፤ መስኮቷም እሱ ነው፣ ሰው እሷን አይቶ ነው የሚገዛው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከራሷ የጽጌረዳ ዘይት በቀር ሌላ ነገር ፊቷን ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን ግን አብሮ አደጓ አስካለ፣ እዚያው ገበያ ውስጥ ቅባት እየቀመመች የምትሸጠው፣ አዲስ ያወጣችውን ቅባት በትንሽ ዕቃ ሰጠቻት። ላቀችም ከዘይቷ ጋር ደርባ ተቀባችው። በሦስተኛው ቀን የዓይኗ ቆብ አብጦ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ፊቷ እያሳከካት ተነሳች።

ከዚያማ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሸችባት። ሌላዋ ቡግር ነው፣ ይድረቅ ብላ ሎሚ ጨመቀችበት። ሦስተኛዋ የሰው ዓይን ነው አለች፤ እሷ እንኳ ምንም ስላልቀባች ከሁሉ የተሻለች ሐኪም ሆና ተገኘች። ሎሚው እንደ እሳት ለበለባት፣ ቆዳዋ ተላጠ።

ላቀች ግን ፍርዷን ጨርሳለች። አስካለ ቀንታ መርዝ ሰጠችኝ ብላ፣ ዳሷ ከገበያው እንዲፈርስ ሽማግሌዎቹን ጠየቀች። አስካለ ከዚያ ዳስ ሌላ እንጀራ የላትም። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ እኛ የምናውቀው የሚዛንና የወሰን ጠብ ነው፣ የቆዳ ነገር የሚያውቁት የፍል ውሃዋ እማማ ደብሪቱ ናቸው፣ እሳቸው ዘንድ ሄደሽ እውነቱን አጣሪና በአራተኛው ቅዳሜ ነይ አሏት።

እማማ ደብሪቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገላ ታጣቢ ጀርባ ሲያሹ የኖሩ፣ ከሰው ስም ይልቅ የሰው ቆዳ የሚያስታውሱ አሮጊት ነበሩ።

«ፊቴ ተቆጣ፣ እማማ» አለቻቸው ላቀች።

«ሁሉን 'ተቆጣ' ብለሽ ባንድ ጆንያ አትክተቺ» አሏት። «የተቆጣ ፊት አለ፣ የታፈነ ፊት አለ፣ ቂም የያዘ ፊት አለ። የተቆጣው እንደ ሎሚሽ ነው፤ የነካውን ቦታ ያቃጥለዋል፣ ሲተዉት ይበርዳል። የታፈነው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ቀዳዳው ይደፈንና ቡግር ያወጣል፣ መግል ይይዛል። ቂም የያዘው ግን ያሳክካል፣ ያብጣል። ብዙ ጊዜ ቀን ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚነሳው፣ ያልቀባሽው ቦታ ድረስም ይሄዳል። አንዴ ቂም የያዘበትን ነገር በጠብታ ብትመልሺለት እንኳ አይረሳም።»

«እንግዲያው የኔው በአስካለ ቅባት ላይ ነዋ ቂም የያዘው።»

«እሱን ፊትሽ ይናገር እንጂ አንቺ አትናገሪለት።»

ሁለት ሳምንት ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም እንዳታስነካው አዘዟት። ለቅባት ነጋዴ ይህ ከጾም ይከብዳል፤ ቻለችው። እብጠቱ ጎደለ፣ መላጡም ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት በቀኝ ክርኗ እጥፋት የአስካለን ቅባት፣ በግራው የራሷን ዘይት ጠዋትና ማታ ጠብ እያደረገች እንድትጠብቅ ነገሯት። ላቀች ሳቀች፤ ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረን ነገር ምን ብዬ እፈትነዋለሁ አለች። ቢሆንም ቀባች።

በአራተኛው ቀን ቀኟ ምንም አልሆነም። ግራዋ ቀልቶ፣ በጥቃቅን ሽፍታ ተሞልቶ ያሳክካታል። ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና አሮጊቷ ዘንድ በረረች፤ ዘይቴ ተበላሽቶ ነው ወይ ስትልም ጠየቀች።

«ዘይቱ ያው ነው» አሏት። «ቆዳ ለዓመታት በለመደው ነገር ላይም አንድ ቀን ቂም ሊይዝ ይችላል፤ የአስካለ ቅባት በዚያው ሰሞን ገጥሞ ነው። ለሌላው ሰው ደህና ነው፤ ላንቺ ግን አበቃ።»

አራተኛው ቅዳሜ ደረሰ፣ ሽማግሌዎቹም ገበያው ላይ ተቀመጡ። አስካለ ዕቃዋን ከወዲሁ ግማሹን ጠቅልላ ቆማለች። ላቀች ዝም ብትል ዳሱ ይፈርሳል፤ ብትናገር የገበያው መሳቂያ ትሆናለች፣ ዘይቷንስ ማን ይገዛታል?  ነጠላዋን ገለጠችና ሁለቱንም ክንዶቿን ዘረጋች። የአስካለ ጥፋት አይደለም፣ የራሴ ዘይት ነው ያልተስማማኝ፣ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለች። ሰዉ አጉረመረመ፣ የሳቀም አለ።

አስካለ ቀረብ ብላ ግራ ክንዷን አገላብጣ አየችው።

«ለዚህ የሚሆን ቅባት አለኝ፣ አንቺ ጉደኛ» አለቻት። «ግን መጀመሪያ በክርንሽ ሞክሪው።»

ላቀች ሳቋና እንባዋ ተቀዳደሙባት። ፊቷ ከጊዜ በኋላ ጠራ። ዘይቷንም ለሌላው መሸጥ አልተወችም፤ ለገዢ ሁሉ ግን አስቀድሞ በክርኑ እንዲሞክር ትነግራለች፣ ገበያዋም በዚህ ምክንያት በዛ እንጂ አልጎደለም።

እኛም ለሕመሙ ሁሉ አንድ ስም እየሰጠን፣ ባንድ መድኃኒት እያሸን ነው ቆዳ የምንልጠው። የተቆጣን ሰው ጥቂት ብትተዉት ይበርዳል። በታፈነው ላይ ሌላ አትደርቡበት፣ ይተንፍስ። ከማይስማማችሁ ጋር ደግሞ ሳትረግሙት ተለያዩ፤ ለሌላው መልካም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግን የትኛው እንደሆነ እወቁ፤ ማወቅ ደግሞ መታገሥ ይፈልጋል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በቅርቡ የወነጀላችሁት ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ነው፣ ወይስ መጨረሻ የመጣው እሱ ስለሆነ?