ለምንትዋብ የተገዛው ትልቅ መኪና

አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ነበር፤ አቶ ይርዳው ይባላል። ምንትዋብ የምትባል ልጅ ነበረችው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት መንጃ ፈቃድ አወጣች። የምትማርበት የነርሶች ኮሌጅ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ስለሆነና ለመድረስ ሁለት ታክሲ ስለሚያስፈልግ፣ አባትየው መኪና ሊገዛላት ቆረጠ። አስተዋይ ሰው ነበርና ብቻውን አልወሰነም። ደላላውን ጠየቀ፤ አማቹን ጠየቀ፤ የዕድሩን ጸሐፊ ጠየቀ፤ ፀጉር አስተካካዩንም ጠየቀ። ልጅቷን ብቻ አልጠየቀም። የምትነዳው እሷ ስለሆነች ልታዳላ ትችላለች።

ልጅቷ ግን ሳትጠየቅ ተናገረች።

"አባዬ፣ ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ እንደምትነዳት ያለች ትንሽ መኪና ትበቃኛለች። ገብቼ ሞክሬያታለሁ፤ ሁሉ ነገር ይታየኛል።"

"እሷም መኪና ሆና? ጫማ ናት እንጂ!" አለ አባትየው። "ስሚኝ ልጄ፣ በዚህ ከተማ መጋጨት አይቀርም። ካልቀረ ደግሞ የአቶ ይርዳው ልጅ ገጪ እንጂ ተገጪ አትሆንም።"

ይህን የሰማው ደላላው ከድር ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ጋሼ፣ እንዲህ አርቆ የሚያስብ አባት ዛሬ የት ይገኛል?" አለና በማግስቱ ሹማምንት የሚሄዱበት ዓይነት ትልቅ ጥቁር መኪና ይዞ መጣ። መኪናው ግቢ ሲገባ የግቢው ዶሮዎች ሳይቀሩ መንገድ ለቀቁ።

ምንትዋብ ቁመቷ አጭር ነው። መሪውን ይዛ ስትቀመጥ የሚታያት የመኪናው ኮፈንና ከእሱ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ሆነ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደረገ፤ አልበቃም። ትራስ ተጨመረ፤ አሁን ደግሞ እግሯ ፍሬኑ ላይ አልደርስ አለ። ትራሱ ወጣ። አቶ ይርዳው ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

"ወደ ኮሌጅ የሚወስደውን መንገድ ታውቂው የለም እንዴ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ የምታውቂውን ነገር ማየት ምን ያደርግልሻል?"

ለዚህ ጥያቄ ዛሬም ድረስ መልስ የሰጠ ሰው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናው እንዲመረቅ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ። በግ ታርዷል፤ በረንዳው ላይ ወንበር ተደርድሯል። መኪናው ፊቱን ወደ ግቢው በር፣ ጀርባውን ወደ በረንዳው ሰጥቶ ቆሟል። ምንትዋብ ጋቢና ገብታ መስታወቱን ዘግታ እንድትጠብቅ ታዘዘች። መራቂ እንግዲህ ከፊት ይቆማል እንጂ ከኋላ አይቆምም፤ አምስቱ ሽማግሌዎች በመኪናው አፍንጫ ሥር ተሰለፉ። በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ወርዶፋ ጉልበታቸው ስለማይችል በርጩማ ቀረበላቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

አባባ ወርዶፋ ምርቃት አያሳጥሩም። ለሞተሩ መረቁ፤ ለአራቱም ጎማ ተራ በተራ መረቁ፤ ወደ ተቀያሪው ጎማ ሲደርሱ የጥብሱ ሽታ መጣ። አራቱ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ሾልከው ሄዱ። ሃይማኖተኞች ስለነበሩ ከዚያ ሆነው፣ እየጎረሱም ቢሆን፣ "አሜን" ማለታቸውን አላቋረጡም። በመጨረሻ ግን አጥንት ቀረበና አሜኑም ቆመ።

ዝም ሲባል ምርቃቱ ያለቀ መሰለ። አቶ ይርዳው ከበረንዳው ላይ እጁን አወዛወዘና፣ "ምንትዋብ! በይ ንጂው! ሰው ይይ!" ብሎ ጮኸ።

ምንትዋብ ሞተሩን አስነሳች። ፊት ለፊቷ ኮፈን አለ፤ ከኮፈኑ በላይ የግቢው በር ጫፍ አለ፤ ሌላ ማንም የለም። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። ቀኝ እግሯን ከፍሬኑ ላይ ልታነሣ ስትል አንድ ነገር ከነከናት። መንዳት ያስተማራት ሰው፣ "ያላየሽው ቦታ ባዶ ቦታ አይደለም" ይላት ነበር። የእጅ ፍሬኑን መልሳ ያዘች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ ወርዳ ወደ ፊት ዞረች።

አባባ ወርዶፋ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ጉልበታቸውና መኪናው መሃል አንድ ክንድ አይሞላም። ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው፤ ድምፃቸው በእርጅና ቀጥኗል።

"...ከፊትሽ ያለውን ሁሉ ፈጣሪ ያስወግድልሽ..."

"አባባ!" አለች። "ከፊቴ ያሉት እኮ እርስዎ ነዎት!"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። ግራና ቀኝ አዩ። "እነዚያስ የት ሄዱ?" አሉ።

ሰዉ ሁሉ ግር ብሎ መጣ። አቶ ይርዳው በርጩማውን አየ፤ መኪናውን አየ፤ ላብ አጠመቀው። ቢሆንም ቶሎ ራሱን አረጋጋና፣ "ምን ሆነው ነው አባባ መኪና ፊት የሚቀመጡት?" አለ። ወዲያው ምክር ተጀመረ። አማቹ በርጩማው ከፍ ይበል አለ። የዕድሩ ጸሐፊ ሽማግሌዎች ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይያዙ አለ፤ ሐሳቡም በጭብጨባ ተደገፈ። መኪናውን የጠቀሰ ግን አልነበረም።

"አባዬ፣ እስቲ ግባ" አለች ምንትዋብ።

አቶ ይርዳው ገባና ተቀመጠ። "ይኸው! በደንብ ያዩኛል... ማለቴ፣ አያቸዋለሁ!"

"ዝቅ በል። ዓይንህ የእኔ ዓይን የሚሆንበት ድረስ ዝቅ በል።"

ዝቅ አለ። "ገና ነው፤ ጨምር" አለችው። አገጩ መሪው ጋ ሲደርስ የሚታየው ኮፈኑና ሰማዩ ብቻ ሆነ።

"አባባ፣ አሁንም እዚያው ነዎት?" ሲል ጠየቀ በመጨረሻ።

"አለሁ!" አለ ቀጭን ድምፅ ከታች።

ምንትዋብ በሩን ይዛ ቆማ፣ "አባዬ፣ እዚህ ላይ ሆኜ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እኔ ማንንም አላይም" አለችው። "ተገጪ እንዳልሆን ብዙ ተጨነቅክልኝ። ዛሬ ግን ገጪ ልሆን ነበር። አባባን ገጭቼ፣ ልጄ ተረፈች ልትል ነበር?"

አቶ ይርዳው ከመኪናው ወረደ፤ አባባ ወርዶፋን በእጁ ደግፎ አንሥቶ ወደ በረንዳው ወሰዳቸውና ጥብሱን ራሱ አቀረበላቸው።

ሰኞ ዕለት አባትና ልጅ ወደ መኪና መሸጫው አብረው ሄዱ። ከድር አማራጭ ሲደረድር ምንትዋብ በሯ ትንሽ የተጫረ አንዲት ግራጫ መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሯን አስተካከለች፤ ፍሬኑን ረገጠች፤ ግራና ቀኝ ተመለከተች። በዚህ ጊዜ አቶ ይርዳው ማንም ሳያዘው፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከመኪናዋ ፊት መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሰው እያየ!" አለ ከድር።

"ምንትዋብ፣ እታይሻለሁ?" አለ አባትየው።

"የካልሲህ ቀዳዳ ሳይቀር!"

"እንግዲያው ይቺው ናት" አለ፤ አቧራውን እያራገፈም ተነሣ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት፣ ሽማግሌ መኪና ፊት አይቀመጥ የሚል ነው። ይህ የሚበቃው አንባቢ እዚሁ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም። ላልበቃው ግን ጥቂት ልጨምር። የምንወደውን ሰው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስናስቀምጥ፣ ከሩቅ እንዴት እንደሚያምር እናያለን፤ ማንም እንዳይነካው እናስባለን። እሱ ከዚያ ላይ ሆኖ ማን እንደማይታየው ግን አንጠይቅም። መኪናም ይሁን ወንበር፣ ለሰው ከመስጠታችን በፊት አንዴ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለን "እታይሃለሁ?" ብንል መልካም ነው።

እናንተ አሁን የተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ ከበታቻችሁ ያለው ሰው ይታያችኋል?